የልጄን ጫማ ተከትዬ ወደ ሰመራ

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ በነቢያት ጾም አጋማሽ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሣሩን በሚያነጣበት ሰሞን ከልጄ ከሶስና ጋር ወደ አፋር ሄድኩ። ከተመለስኩ ጀምሮ የጽዋ ማኅበራችን እናቶች «ንገሪን» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔ ወሬ አላውቅበትም። ስለዚህ ጻፍኩት። ማንበብ የምትችል ለሌሎቹ ታንብብላቸው።

መጀመሪያ ልጄን ላስተዋውቅ። ሶስና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በሃያ ዓመቷ አንዲት አሮጊት ልትንከባከብ ስፔን ሄደች። አሮጊቷ በወጣትነቷ የፍላሜንኮ ጨፋሪ ነበረች። ፍላሜንኮ የስፔኖች ጭፈራ ነው። እጅም ወገብም አለበት፤ ዋናው ሥራ ግን የእግር ነው። ጫማው ከተረከዙና ከጣቱ ሥር ጥቃቅን ሚስማር ተደርድሮበታል፤ በእሱ ጣውላ እየመቱ እንደ ከበሮ ያናግሩታል፤ ዙሪያውን የቆሙት ያጨበጭባሉ። አሮጊቷ ከወንበሯ ሳትነሣ ወለሉን በምርኩዟ እየመታች ልጄን አስተማረቻት። እኔ እዚህ ሆኜ በስልክ «መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች?» ስል፣ እነሱ ለካ ወጥ ቤት ውስጥ ይጨፍራሉ።

ከዚያ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ከቡድን ጋር፣ ከዚያ በትልልቅ አዳራሾች ጨፈረች። ጉልበቷን ሲያማት ደግሞ ለሌሎች ጭፈራ መቀመር ጀመረች፤ ኮሪዮግራፈር ይሉታል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰው ሲጠይቀኝ «ስፔን ናት፣ ትሠራለች» እላለሁ። ውሸት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ሰመራ መጥታ የአፋር ሴቶች ሲያጨበጭቡ ሰማችና እዚያው ቀረች። ከስድስት ሴቶች ጋር ወራት አሸዋ ግቢ ላይ በባዶ እግሯ ተለማምዳ የራሷን ሥራ አወጣች፤ በሚስማሩ ጫማ የምትለማመደው ብቻዋን ነበር። እነሱ እየዘፈኑ ያጨበጭባሉ፣ እሷ ትጨፍራለች። ፒላር የምትባል፣ ለአንድ ቲያትር ቤት ሥራ የምትመርጥ የስፔን ሴት ልታየው ወደ ሰመራ እንደምትመጣ ሲታወቅ፣ ሶስና እኔን ልትወስድ ደብረ ብርሃን መጣች።

«እማዬ፣ ስጨፍር አይተሽኝ አታውቂም» አለችኝ። «ፒላር ከወደደችው የሁለት ዓመት ሥራ አለኝ። ካልወደደችው በቃ፣ ጫማዬን እሰቅላለሁ። ካንቺ ጋር እኖራለሁ፤ የአጎቴ መደብር ውስጥ እገባለሁ።»

ወንድሜ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለው። ደብተርና እስክሪብቶ መሸጥ ጉልበት አይጎዳም። እኔም የሶስናን ክፍል ቀለም አስቀብቼ ጨርሻለሁ። ለእመቤቴም ሹክ ብያለሁ። ምን ብዬ እንደለመንኳት ለሶስና አልነገርኳትም።

የንስሐ አባቴን «በጾም ጭፈራ ማየት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንቺ እስካልጨፈርሽ ድረስ ሂጂ» አሉኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠርተው «እንዴት እንደሚያደርጉት መጥተሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። ሁለት ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ሹራብና የሱፍ ካልሲ ያዝኩ። ሶስና «አፋር እኮ ነው የምንሄደው» አለችኝ። «ማታ ማታስ?» አልኳት። ሻንጣውን ዘጋችልኝ። አዲስ አበባ መኪና ቀየርን፤ ናዝሬትን አለፍን፤ መተሐራ ጋ ጥቁሩን ድንጋይ ሳይ የተቃጠለ ማሳ መሰለኝ። አሥር ሰዓት ላይ አዋሽ ገባን።

እኛ ዘንድ በዚህ ወር ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ይደገፋል። አዋሽ ላይ የሚጋፉት ለጥላ ነው። ያረፍንበት አልጋ ቤት የቆየ ነው፤ በረንዳው ጣውላ ነው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ የመጡት ከወሎ ነው፣ ክርስቲያን ናቸው። ሊያግዙኝ ሻንጣዬን ሲከፍቱ ጋቢውን አዩት፤ ብርድ ልብሱን አዩት፤ ካልሲውንም አነሡት።

«እማማ፣ የታመመ ሰው አብሯችሁ አለ?»

«የለም። የእኔ ነው።»

ሴትዮዋ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። ከዚያ የምስር ወጥ አምጥተው «ወጡም ቀዝቅዞ ነው የሚበላው፣ ሹራብ አያስፈልገውም» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በሹራቤ መቀለዱን ግን እስክንለያይ አልተዉም። ሌሊቱን የተኛሁት በቀሚስ ብቻ ነው።

ረቡዕ የሶስና ጉልበት ከመኪናው የተነሣ አብጦ ስለነበር እዚያው ዋልን። የአዋሽን ልማድ ያወቅነው በዚያ ቀን ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ቀኑ ሲከር መኪናቸውን አቁመው ይተኛሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ረዳቶቻቸው መጥተው በሩን ያለ ማቋረጥ ይደበድባሉ። ሹፌሩ ያንን ድብደባ ሲሰማ አይጠይቅም፤ ተነሥቶ ሱሪውን ያጠልቃል።

ሶስና ይህን አላወቀችም። እኔም አላወቅሁም። ሰባት ሰዓት ላይ ጉልበቷ ሲሻላት ጫማዋን አደረገችና በረንዳው ላይ «ትንሽ ልሞክረው» አለች። ጣውላው ጥሩ ነበር። መጀመሪያ ቀስ ብላ መታችው፤ ከዚያ ፈጠነች።

የበረንዳው በሮች ሁሉ ተከፈቱ። አንዱ በካናቴራ ወጣ። አንዱ አንድ እግሩን ሱሪ ውስጥ ከትቶ በሌላው እየዘለለ መጣ። አንድ ወፍራም ሰውዬ የመኪናውን ቁልፍ በጥርሱ ይዞ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ በአጠገባችን ሮጦ ወረደ፤ የመኪናውን ሞተር አስነሣ። ኋላ ሰዓቱን አይቶ መሰለኝ አጠፋው። ተመልሶ መጥቶ ከፊታችን ቆመ።

«ማነው የቀሰቀሰኝ?»

ሶስና እግሯን አሳየችው።

«በእግርሽ?»

«ይቅርታ፣ እየተለማመድኩ ነው።»

«ምን ለመሆን?»

«ጨፋሪ ነኝ።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ማዘር፣ ልጅዎ ናት?»

«አዎ።»

«ይምከሯታ!»

«አሥራ አራት ዓመት መከርኳት» አልኩት።

ሌሎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ስሙ ግርማ ነው። እንቅልፉ ስለጠፋ «አሁንማ ጨፍሪ፣ ከተነሣን አይቀር እንይ» አለና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሶስና ግን አፍራ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ወዲያ በአዋሽ የታወቀችው «ቀስቃሿ» ተብላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሰመራ ተነሣን። አዋሽ አርባን፣ የመልካ ወረርን መገንጠያ አለፍን። አገሩ ሰፊ ነው። እኛ ዘንድ ዓይን ተራራ ላይ ያርፋል፤ እዚህ የሚያርፍበት አጥቶ ይሮጣል። ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ የሚያስቸኩላቸው የለም፤ ሹፌሩም ጥሩምባ አይነፋም። የአዋሽ ወንዝ ርቆ ነው የሚሄደው፤ የት እንዳለ የሚነግርህ አረንጓዴው ዛፍ ነው። ይህን ውሃ እኛ ብናገኘው ብዬ ተመኘሁ፤ ቀጥሎ ግን ሙቀቱም አብሮ እንደሚመጣ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ገዋኔን ካለፍን በኋላ የሚኒባሱ ሞተር ፈልቶ ቆመ። ሹፌሩ ክዳኑን ከፍቶ ዝም ብሎ ያየዋል። አንዲት የግራር ጥላ ተሻምተን ተቀመጥን። ዳዊቴን አወጣሁ። ሁለት መዝሙር ሳልጨርስ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከነተሳቢው መጥቶ አጠገባችን ቆመ፤ ከመስኮቱ አንድ ወፍራም ፊት ብቅ አለ።

«ቀስቃሿ! ዛሬ ደግሞ መንገደኛውን ሁሉ አስተኛሽው?»

ግርማ ነበር። ባዶ መኪና ይዞ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ረዳቱ ለእህቱ ሰርግ ዝግጅት ትናንት ማታ አገሩ ስለገባ፣ አዋሽ አድሮ ብቻውን ተነሥቷል። እኔንና ሶስናን ጋቢና አስገባን፤ ሻንጣችንን ተሳቢው ላይ ጣለው። ለቀሩት መንገደኞች የያዘውን አንድ ጀሪካን ውሃ ሰጣቸው።

መንገዱን ሁሉ እሱ አወራ። ስለ ጎማ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጅቡቲ ሙቀት።

«ማዘር፣ እርስዎ አያወሩም?»

«እየሰማሁህ ነው።»

«ሚስቴ እንደ እርስዎ በሆነች።»

«አንተ እያለህ መች ፋታ አግኝታ ታወራለች?» አልኩት። ሶስና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ።

ሚሌ ላይ ሶስና ውሃ ከሻንጣ ልታወጣ ተሳቢው ላይ ወጣች። ወለሉ ጣውላ ነው። ስትራመድ ዱም ዱም ይላል። ግርማ «የሌሎቹ ብረት ነው፤ እኔ ግን ጣውላ አስመታሁለት። ብረት ዕቃ ያንሸራትታል» አለኝ፣ ልክ ሳሎኑን እንደሚያሳይ ሰው።

ሰመራ ወደ ማታ ገባን። ግርማ ጎማ ሊያስጠግን ጋራዥ ቀረ። እኛን ወይዘሮ ፋጡማ ተቀበለችን። ፋጡማ የሚጨፈርበትን አዳራሽ የምታስተዳድር የአፋር ሴት ናት፤ ከስድስቱ አጨብጫቢዎችም አንዷ ናት። ቤቷ ወሰደችን። አልጋዋን ለእኛ ለቃ እሷ ከልጆቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኛች። ሰመራ ነፋሱም ትኩስ ነው። ቤቱ ብሎኬት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ከተማው ዛፉን ገና እየጠበቀ ነው።

ለራት የፍየል ሥጋና የግመል ወተት አቀረበች። ጾም መሆኑን ሶስና ነገረቻት። ፋጡማ ትሪውን ብድግ አድርጋ ወስዳ ሩዝ በአትክልት ሠርታ ተመለሰች። ሽታው ሲደርሰኝ አወቅሁት፤ ቅቤ አለበት። ምን ልበል? ሶስና ጆሮዬ ላይ «ዘይት ነው እማዬ» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። ጆሮዋን አየሁት።

ፋጡማ ማንኪያዬ እንዳልተንቀሳቀሰ ተመለከተች።

«ምን ሆነ እማማ? ጨው በዛ?»

«ቅቤ ነው ልጄ።»

«ቅቤም አይበላም? ሱብሃነላህ! ታዲያ ምን ቀራችሁ?» አለችና ሳቀች። ድስቱን አጥባ እንደገና በዘይት ሠራች። ሁለተኛውን ሩዝ ስበላ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። «እኔም ረመዳን ሲሆን ልመጣብዎት ነው፤ ያኔ እርስዎ ሁለት ጊዜ ይሠራሉ» አለችኝ። ትምጣ። ሦስት ጊዜም እሠራለሁ።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹን ልናይ ሄድን። መድረኩ ሲሚንቶ ነው። ለሶስና «መድረኩን እናዘጋጃለን» ብለዋት ነበር፤ እሷ ጣውላ የሚያነጥፉ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። እነሱም አዘጋጅተውት ነበር። ከታች ወፍራም ምንጣፍ ዘርግተዋል። በላዩ ስድስቱ ሴቶች ከየቤታቸው ያመጡትን፣ ከዘንባባ ቅጠል በእጃቸው የሠሩትን ሰሌን ደርበዋል፤ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር እንደ መሶብ ጌጥ የተጠላለፈ ነው። አንዷ አዛውንት ከአሳይታ ያመጡት ለልጃቸው ሰርግ የሠሩትን ነበር። በአፋር የክብር እንግዳ ባዶ መሬት አይረግጥም። የእግር ሥራ የያዘች እንግዳ ስትመጣማ ምን ያህል ሊያነጥፉላት እንደሚገባ አስቡት።

ሶስና ጫማዋን አድርጋ ወጣች። መታች። ምንም። አንድ ሰው ትራስ የሚመታ ይመስል ነበር። ደግማ መታች። ስድስቱ ሴቶች ተሰልፈው ፊቷን ያያሉ፤ «ተመቸሽ?» ይላሉ።

«በጣም ያምራል። አላህ ይስጥልኝ» አለቻቸው። ጆሮዋ ቀላ።

ወደ እኔ መጥታ ቀስ ብላ ነገረችኝ። «ድምፅ ከሌለ ሥራው የለም እማዬ። ግን አንሡልኝ ማለት አልችልም። የሰርግ ሰሌን ነው። በዚሁ እጨፍራለሁ፤ የሆነው ይሁን።» ፒላር ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች።

እውነቱን ልጻፍ። የለመንኩት በእጄ ገባ። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ኃጢአትም የለብኝም። የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ዕድሜ ልኬን የተካንኩበት ሙያ ነው። በሚቀጥለው ወር ሶስና ደብተር ስትሸጥ ታየችኝ። ክፍሏ መብራቱ ሲበራም ታየኝ።

ወደ ግቢው ወጥቼ ልጸልይ ቆምኩ። «አመሰግናለሁ» ልል ብዬ ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለ። በመስኮቱ ሳይ ሶስና መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአዛውንቷን እጅ ይዛ ትስቃለች። ሳቋ የውሸት ነበር፤ የውሸት መሆኑን ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ብቻ ነኝ።

ፋጡማን ጠራኋት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ።»

«ኧረ እማማ! ምን አጠፋን?»

«አላጠፋችሁም። አበዛችሁት። የልጄ እግር የሚታይ ብቻ አይደለም፣ የሚሰማ ነው። ሰሌኑ ላይ ዲዳ ሆነ።»

ፋጡማ እጇን በእጇ መታች። «ወላሂ፣ እኔም ምን ሆና ነው የጠቆረችው እያልኩ ነበር! እኛ እኮ እግሯ እንዳይቆስል ብለን ነው።» ገብታ ለሴቶቹ በአፋርኛ ነገረቻቸው። አዛውንቷ አንድ ነገር ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ፋጡማ ተረጎመችልን፦ «‹ልጅቱ ሰሌኔን በሚስማር ጫማ ልትረግጠው ነበር? ቶሎ አንሡልኝ፤ እኔ ራሴ ልቀመጥበት› ነው የሚሉት።»

ሰሌኑ ለተመልካች መቀመጫ ሆነ። ሲሚንቶው ግን ቀረ። ሲሚንቶ ጉልበት ይሰብራል እንጂ አይጮኽም። ሶስና «ግድ የለም» ስትል ነጠላዬን ለብሼ በእግሬ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

ግርማ መኪናው ሥር ተኝቶ ነበር። «ተሳቢህን አውሰኝ» አልኩት።

ተንፏቆ ወጣ። «ምን ሊጭኑ ነው ማዘር?»

«ልጄን።»

ነገሩን ሲሰማ ወገቡን ያዘ። «አዋሽ ላይ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ፤ አሁን ደግሞ መኪናዬ ላይ ልትወጣ!»

«እምቢ ብትልም አልቀየምህም።»

«ማን እምቢ አለ? እንዲያውም ያን ዕለት ሳላይ ቀርቻለሁ።»

ከጁምዓ ሰላት በኋላ መኪናው መጣ። የአዳራሹ የግቢ በር ጠባብ ነው፤ ተሳቢውን ወደ ኋላ ማስገባት ሦስት ጊዜ አቃተው። ከመስጊድ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ትራፊክ ሆነ። «ቁረጥ! ና! ና! ቁም!» አንዱ ወደ ቀኝ ይላል፣ አንዱ ወደ ግራ። ግርማ በመስኮት ብቅ ብሎ «አንድ ሰው ብቻ ይስደበኝ!» አለ። በአራተኛው ገባ። የጋራዡ ሠራተኞች ጎኑን ፈትተው አወረዱት፤ ወለሉን በውሃ አጠቡት። ናፍጣው ግን አሁንም ይሸታል።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአሱር ሰላት ካበቃ በኋላ፣ ግቢው ሞላ። ፒላር ረዥም ሽበታም ሴት ናት፤ ከአውሮፕላን ጣቢያ አምጥተው እኔ አጠገብ የሰርጉ ሰሌን ላይ አስቀመጧት። እግሯን የምታደርግበት አጣች፤ በመጨረሻ እኔን አይታ እንደ እኔ አጠፈችው።

ስድስቱ ሴቶች ማጨብጨብ ጀመሩ። ሶስና ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ወጣች። የመጀመሪያውን ምት ስትመታ ድምፁ በጣውላው፣ ከዚያ በብረቱ፣ ከዚያ በመሬቱ አልፎ የተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። ልጄ ቁጡ አይደለችም። እዚያ ላይ ግን ተቆጣች፤ ከዚያ ለመነች፤ ከዚያ ተኩራራች። ይህን ሁሉ በእግሯ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህንን ፊቷን ለማን አሳይታው ታውቃለች? ለእኔ አላሳየችኝም። ወይም እኔ አላየሁትም።

መሃል ላይ ተረከዟ በሁለት ጣውላ መካከል ተቀረቀረ። አየሁት። ሳበችው፤ አልወጣም። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። «እመቤቴ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ያኔ የምለምነው ስለ መደብሩ አልነበረም። ሶስና አላቆመችም። የታሰረውን እግር ትታ በሌላው መታች፤ ፈጥና ፈጥና መታች። ሴቶቹም ገብቷቸው ጭብጨባውን አፋጠኑላት። በመጨረሻ ተረከዙ ጧ ብሎ ወጣ። ፋጡማ እልል አለች። የጋራዥ ሰዎች ጮኹ። ግርማ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ፤ ያን እንኳን ማንም አላዘዘውም።

ሲያበቃ ፒላር ብዙ ነገር በስፓኝኛ ተናገረች። ሶስና እየሰማች መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ወሰደችው እማዬ። ከሚያዝያ ጀምሮ ሁለት ዓመት። ከሁሉ የወደደችው አንድ እግሬ ታስሮ በሌላው የምለምንበትን ነው። ‹እንዴት አሰብሽው?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ብዙ ወር ፈጀብኝ አልኳት።» ጆሮዋ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

ወንድሜ ሌላ ሻጭ ይፈልግ፤ የተቀባው ክፍልም እንግዳ ያርፍበታል። ይህን ስጽፍ አልከፋኝም። ጥቂት ከፋኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶስና ገና አልጋ ላይ ሳለች ከፋጡማ ሳፋና ጨው ለመንኩ። ውሃ አሞቅሁ። ሶስናን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ እግሯን ሳፋው ውስጥ ከተትኩት። እኛ ዘንድ ልጅ የእናቷን እግር ታጥባለች እንጂ እናት የልጇን አታጥብም። «እማዬ፣ ነውር ነው!» አለችኝ። አውራ ጣቷ ጠቁሯል፤ ተረከዟ እንደ ድንጋይ ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸኋቸው። ውሃው ሲያቃጥላት እግሯን አንሥታ ወለሉን መታች።

«ቀስ፣ የሰው ቤት ነው» አልኳትና ሁለተኛውን እግር ሳብኩት።